የፈረሰ የምርምር ሪአክተር ቆሻሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምርምር ሪአክተር የሚሠራው ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ሳይሆን ለሳይንሳዊ ጥናት፣ ለሕክምና አይሶቶፖች ምርትና ለባለሙያዎች ሥልጠና የሚውል ኒውትሮን ለማግኘት ነው። አገልግሎቱ አብቅቶ ሲፈርስ ስለሚወጣው ቆሻሻ ከሚነገረው ብዙው ስለ ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎች ከሚወራው የተቀዳ በመሆኑ፣ አንዳንዱ ጉዳዩን ያጋንናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያቃልለዋል።

«ከሪአክተሩ የሚወጣው ሁሉ ጨረራ አመንጪ ነው።»

ማፍረሱ የሚጀመረው እጅግ ከፍተኛውን የጨረራ ክምችት የያዘው ነዳጅ ከተነሣ በኋላ ነው። የሚቀረው በመጠን ብዙ፣ በጨረራ ግን ጥቂት ነው። የሪአክተሩን እምብርት የሚከልለውን ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ብንወስድ፣ ኒውትሮን ዘልቆ የለወጠው ወደ እምብርቱ የዞረውን ክፍል ብቻ ነው። ባለሙያዎች ግድግዳውን ሰርስረው ረጅም የኮንክሪት ዘንግ ያወጣሉ፤ ዘንጉን ቆራርጠው እያንዳንዱን ቁራጭ በመለካትም የጨረራው ክልል የት ላይ እንደሚያበቃ ይለያሉ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ዕቃ ከቁጥጥር ነፃ የሚሆንበት ወሰን ኮባልት-60 እና ሲዚየም-137 ለተባሉት ጨረራ አመንጪ አቶሞች ለእያንዳንዳቸው በግራም 0.1 ቤከሬል (ቤከሬል በሰከንድ አንድ አቶም ሲፈርስ ነው) ነው። ወሰኑ የተሰላው ከዕቃው በአንድ ሰው ላይ የሚደርሰው ጨረራ በዓመት ከ10 ማይክሮሲቨርት (ሲቨርት ሰውነት የሚቀበለው ጨረራ መለኪያ ነው፤ 1,000 ማይክሮሲቨርት አንድ ሚሊሲቨርት ይሆናል) እምብዛም እንዳይበልጥ ታስቦ ሲሆን፣ ከተፈጥሮ ምንጮች ብቻ በዓለም በአማካይ የሚደርሰን 2.4 ሚሊሲቨርት የዚህ 240 እጥፍ ነው።

«በሲሚንቶ ለውሶ በርሜል ውስጥ ማሸግ ለሁሉም ይበቃል።»

ለብዙው ብረትና ዝቃጭ ይህ እውነት ነው፤ ለአሉሚኒየም ግን አይሠራም። አሉሚኒየም ኒውትሮንን እምብዛም ስለማይውጥ ለምርምር ሪአክተሮች ገንዳዎችና ቱቦዎች በብዛት ይመረጣል። እርጥብ ሲሚንቶ ግን ከፍተኛ አልካላይነት ስላለው አሉሚኒየሙን የሚጠብቀውን ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያሟሟዋል፤ ያኔ አሉሚኒየሙ ከውኃው ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጂን ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ተቀጣጣይ ከመሆኑም በላይ የደረቀውን ብሎክ ሊሰነጥቀው ይችላል። በዚህ ምክንያት ለእንዲህ ያለው ቆሻሻ አልካላይነታቸው ዝቅተኛ የሆነ እንደ ማግኒዥየም ፎስፌት ሲሚንቶ ያሉ ማሰሪያዎች ይጠናሉ። በአንዳንድ ሪአክተሮች ኒውትሮንን ለማዘግየት የሚያገለግለው የካርቦን ዓይነት፣ ግራፋይትም፣ የራሱ ጣጣ አለው፤ በዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ጊዜ በኒውትሮን የተደበደበ ከሆነ በውስጡ ኃይል ያከማቻል፣ ሲሞቅም ይህንን ኃይል በድንገት ሊለቀው ይችላል።

«ጥቂት አሥርት ዓመታት ከተጠበቀ ጨረራው ይጠፋል።»

ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስለያዘ ይመስለኛል ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው። የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 5.27 ዓመት በመሆኑ፣ በ50 ዓመት ውስጥ ከ700 እጅ አንድ እጅ ወደሚያህል መጠን ይወርዳል፤ ስለዚህ አይዝጌ ብረትን አቆይቶ መቁረጥ ለሠራተኞቹ ትርፍ አለው። በዚያው ብረት ውስጥ ያለው የኒኬል-63 ግማሽ ዕድሜ ግን 100 ዓመት ያህል ነው፤ በግራፋይት ውስጥ ያለው የካርቦን-14 ደግሞ 5,730 ዓመት ነው። ለ300 ዓመት ያህል ቁጥጥር የሚደረግበት፣ ከምድር ገጽ ብዙ ያልራቀ ማስወገጃ ለሲዚየም-137 በቂ ነው፤ ብዙ ካርቦን-14 ለያዘ ግራፋይት ግን ከዚያ የተሻለ ጥልቀት መታሰቡ አይቀርም።

«ለምን አይቃጠልም? ወይም ባሕር ውስጥ አይጣልም?»

እሳት አቶሙን አይለውጠውም፤ ቆሻሻው የሚይዘውን ቦታ ቀንሶ ጨረራውን በአመዱና በማጣሪያው ላይ ያከማቻል። ባሕር ላይ መጣል ደግሞ ቆሻሻን ባሕር ውስጥ መጣልን የሚቆጣጠረው የለንደን ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳለፉት ውሳኔ ተከልክሏል።

«ሪአክተሩ ከፈረሰ ጉዳዩ አለቀ።»

የዴንማርክ ፓርላማ ሪሶ በተባለው የምርምር ማዕከል የነበሩት የኑክሌር ተቋማት እንዲፈርሱ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በ2018 ደግሞ ቆሻሻው ቢበዛ እስከ 2073 ድረስ በተሻሻለ መጋዘን እንዲቆይ፣ በዚያው ጊዜም የከርሰ ምድር ማስወገጃ ቦታ እንዲፈለግ ወሰነ። መጋዘን ጠባቂና ጥገና ይፈልጋል፤ ማስወገጃ ግን ሰው ባይኖርም እንዲሠራ ሆኖ ይገነባል። የመጨረሻው ቦታ ሳይታወቅ የታሸገ በርሜል፣ ቦታው ሲታወቅ መስፈርቱን ሳያሟላ ቀርቶ እንደገና ሊከፈት ይችላል፤ ይህም ሠራተኛውን ለተጨማሪ ጨረራ፣ ባለቤቱን ለተጨማሪ ወጪ ይዳርጋል። ስለዚህ በእኔ ግምት የማስወገጃው መስፈርት መታወቅ ያለበት የመጀመሪያው ብረት ከመቆረጡ በፊት ነው።