ካፌና ኖን ካፌ፦ የምግብ እጥረት በዩኒቨርሲቲ ግቢ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር መደበኛ ተማሪ ምግቡን ከሁለት በአንዱ መንገድ ያገኛል። «ካፌ» የሚባለው ሚል ካርዱን አሳይቶ በግቢው አዳራሽ ይበላል፤ «ኖን ካፌ» የሚባለው የምግብ በጀቱን በብር ወስዶ በራሱ ይመገባል። የቀን በጀቱ ለረጅም ጊዜ 15 ብር ነበር፤ በኋላ 22፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር ሆነ። ለሦስት ገበታ ሲካፈል ለአንዱ 33 ብር ከሳንቲም ይደርሰዋል።

ይህን ምግብ እንደ ነፃ ችሮታ ማየት ስሕተት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ውል ይፈርማል። ወጡ ለምን ቀጠነ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በዕዳ ስለገዛው ምግብ ነው የሚጠይቀው።

ወጡ የሚቀጥነው ብዙ ጊዜ ከጨረታው ነው። ሽሮውና ምስሩ በዓመት ውል ይገዛል፤ መሀል ላይ ዋጋ ሲንር አቅራቢው ያዘገያል ወይም ውሉን ይጥላል፤ ወጥ ቤቱም ያለውን በውኃ ያበዛል። እንደ ሐረማያ የራሱ እርሻና የወተት ላም ያለው ግቢ ጥቂት መጠጊያ አለው። ሌላው ከገበሬዎች ዩኒየን በቀጥታ ቢገዛ፣ የተማሪዎች የምግብ ኮሚቴም ከመጋዘን ሲወጣ አብሮ ቢመዝን ጉድለቱ የት እንደሆነ ይታወቃል።

ሌላው ችግር ሰዓት ነው። በ11 ሰዓት ተኩል እራት የበላ ልጅ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አንብቦ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ለዳቦና ሻይ እስኪሰለፍ 13 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ቤተሰብ የላከለት በሃይላንድ ጠርሙስ በሶ በስኳር በጥብጦ ይጠጣል፤ ያልተላከለት ውኃ ጠጥቶ ይተኛል። እራት ላይ አንድ ዳቦ ጨምሮ መስጠት ብዙ ያግዛል። ላብራቶሪ ላይ ለሚቆዩና ለታመሙ ምሳ ማስቀመጥ፣ በረመዳን የሱሁርን ምግብ ከኢፍጣር ጋር ማደልም እንዲሁ።

ኖን ካፌውን የሚጥለው የክፍያ መዘግየት ነው። ብሩ ሲቆይ በዱቤ ይበላል፤ ሲደርሰው ለዱቤው ይሄዳል፤ ወሩ ሳያልቅ ባዶ እጁን ይቀራል። ገንዘቡን በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት መክፈልና በሴሚስተሩ መሀል ወደ ካፌ መመለስን መፍቀድ ያስፈልጋል። ማመልከቻውም በተማሪዎች ዲን ቢሮ በር ተዘግቶ ቢታይ ይመረጣል፤ ብዙው ልጅ ችግሩን በጓደኞቹ ፊት ከሚናገር ጾሙን ማደር ይመርጣልና።