ልጁ ሆስፒታል፣ አዝመራው ሜዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ወገኖቼ፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ አራት ሰዎች አንድ ሽባ ተሸክመው ቅፍርናሆም መጡ። በሩ በሕዝብ ተዘግቷል። ጣራውን ነድለው ከነአልጋው አወረዱት። ጌታም «እምነታቸውን አይቶ» ይላል ወንጌሉ። የተሸካሚዎቹን ማለት ነው። ሕመምተኛው እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል እንኳ ሲናገር አልተጻፈም።

ይህን የሰሜን ሸዋ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ሰው ሲታመም ቅሬው፣ ማለት የመንደሩ ዕድር፣ ቃሬዛ ይዞ ይወጣል። እየተቀባበለ መኪና እስከሚገባበት ያደርሳል። መኪናው ከሄደ በኋላ ግን ጋቢያችንን አስተካክለን ወደ ቤት እንገባለን። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

የታመመው ሕፃን ከሆነ፣ በሽታውም የደም ካንሰር ከሆነ፣ መንገዱ ገና መጀመሩ ነው። ደብረ ብርሃን ሪፈር ይጻፋል፤ 130 ኪሎ ሜትር ተኪዶ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይደረሳል። ሕክምናው ሁለት፣ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ኬሞው፣ ማለት የካንሰሩ መድኃኒት፣ የልጁን በሽታ የመከላከል አቅም ያወርደዋል። ሌሊት ትኩሳት ቢነሣበት እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሐኪም ጋ መድረስ አለበት። እናት መንዝ ተቀምጣ በቀጠሮ ቀን ብቻ ብቅ ልትል አትችልም። ዘመድ የሌለው ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አልጋ ተከራይቶ ስንት ቀን ይዘልቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች ከ30 በመቶ በታች ናቸው። አንዱ ምክንያት ሕክምናው መሐል ላይ መቋረጡ ነው።

ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕፃናትና አስታማሚዎች ማደሪያ፣ ምግብና መድኃኒት ላይ ይደግፋል። በራቸውን ዘግተው ሐዘናቸውን ቢያስታምሙ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እነሱ ግን የሌላ ሰው ልጅ ተሸክመው ጣራ ነደሉ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ኅዳር ነው እንበል። እንዲህ ያለ ልጅ የሚያሳክም የአንድ የሞጃ አባት ገብስ ደርሷል። በጎቹ ለመሳፈሪያና ለምግብ ተሸጠው አልቀዋል። የቀሩት ልጆች ጎረቤት ናቸው። ታማሚው ልጅ ደግሞ ሻል ብሎት ይሯሯጣል፤ ጸጉሩም ማቆጥቆጥ ጀምሯል። አባት «ድኗል እኮ፤ እህሉን ሰብስበን እንመለሳለን» ይላል። በሽታው ግን ገና ከሰውነቱ ተጠራርጎ አልወጣም። የልጁ ሕክምና የሚቋረጠው እዚያ ማሳ ላይ ነው። ያንን ገብስ በወንፈል ያጨደለት ሰው ለልጁ ኬሞ እንደገዛለት እቆጥረዋለሁ። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለው ማጭድም ይጨምራል ባይ ነኝ።

ስለ ጥየቃችንም አንድ ነገር ልበል። ጉንፋን ይዞን ሄደን ልጁን አገላብጠን እንስመዋለን። ኬሞ ላይ ላለ ልጅ የእኛ ጉንፋን ትልቅ አደጋ ነው፤ ያሳለው ሰው ደጅ ሆኖ «እግዜር ይማርልሽ» ይበል። ከዚህ የሚብሰው «ምን በድለው ነው?» የሚለው ሹክሹክታ ነው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሎ ዘጋው፤ ዮሐንስ 9።

ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም መሄድ ለሚያስቡም፦ ሂዱ፣ ተጠመቁ፤ ልጁ መቼ መጓዝ እንደሚችል ግን ሐኪሙን ጠይቁ። ኪኒኑንም ቤት አትተዉት። ሲራክ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ አስተምረዋል።

በሚቀጥለው የጽዋ ማኅበር ጠላው ከመቀዳቱ በፊት እንጠያየቅ። ከአጥቢያችን ልጅ ይዞ አዲስ አበባ የከረመ ማን አለ? ማሳው የት ነው? ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያበላል? አዲስ አበባ ቤት ያለው ዘመድ ያለን፣ ዛሬውኑ እንደውልለት። ጤነኞች ደግሞ ደም ባንክ እንሂድ፤ እነዚህ ልጆች ደም ደጋግሞ ያስፈልጋቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።