የሲኒየሪቲ ዝርዝር ውህደት ምንድን ነው? አየር መንገዶች ሲዋሃዱ አብራሪዎችን የሚያጣላው ቁጥር

የሲኒየሪቲ (የአገልግሎት ቅድሚያ) ዝርዝር ውህደት ማለት ሁለት አየር መንገዶች ሲዋሃዱ የሁለቱን አብራሪዎች ከቁጥር 1 ጀምሮ በአንድ ተራ መደርደር ነው። ለሰሚው ቀላል የቢሮ ሥራ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ይኸው ዝርዝር አብራሪዎችን የሠራተኛ ማኅበር አስቀይሯል፣ ለዓመታትም ፍርድ ቤት አመላልሷል።

ምክንያቱ ቁጥሩ የሚወስነው ነገር ብዛት ነው። በትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ረዳት አብራሪ ካፒቴን የሚሆነው አለቃ መርጦት አይደለም። ቦታ ሲከፈት ያመለክታል፤ ካመለከቱት መካከል ቁጥሩ ከላይ የሆነው ይወስደውና ሥልጠናውን ካለፈ ቦታው የእሱ ይሆናል። የሚያበረው አውሮፕላን ዓይነት፣ የሚመደብበት ከተማ፣ የወሩ የበረራ ፕሮግራም፣ በዓልን ቤቱ መዋሉ ሁሉ በዚሁ ተራ ይወሰናል። የሰዓት ክፍያም እንደ አውሮፕላኑና እንደ ወንበሩ (ካፒቴን ወይም ረዳት) ስለሚለያይ ቁጥሩ ደመወዝም ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ቅነሳ የሚጀምረው ከታች ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ቁጥሩ ከሰውየው ጋር አለመሄዱ ነው፤ የሃያ ዓመት ካፒቴን ሌላ አየር መንገድ ቢቀጠር ከመጨረሻው ቁጥር ይጀምራል። ስለዚህ ተበደልኩ የሚል አብራሪ ሥራ ለቅቆ እንኳ መፍትሔ አያገኝም።

ዝርዝሩን ለመቀላቀል ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው፦ በቅጥር ቀን ወይም በምጣኔ። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይገባል። አንደኛው ድርጅት 4,000፣ ሁለተኛው 1,000 አብራሪ አለው እንበል። ሁለተኛው የተቋቋመው ከ15 ዓመት በፊት ነው፤ የመጀመሪያው ድርጅት ቀዳሚ 3,000 አብራሪዎች ደግሞ ከዚያ በፊት የተቀጠሩ ናቸው። በቅጥር ቀን ከተደረደረ፣ በወጣቱ ድርጅት ቁጥር 1 የነበረው ካፒቴን 3,001ኛ ይሆናል። በምጣኔ ከሆነ አራት ከዚያ፣ አንድ ከዚህ እየተባለ ይገባል፤ በወጣቱ ድርጅት 500ኛ የነበረው 2,500 አካባቢ ያርፋል። ያኔ በትልቁ ድርጅት 2,100ኛ የነበረው፣ ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለ ሰው፣ ከ15 ዓመት በታች ካገለገለ ሰው በታች ይወርዳል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ አንዱ ያገለገልኩበት ዘመን ይቆጠርልኝ ይላል፣ ሌላው የነበረኝ ደረጃ አይነካ ይላል። ለዚህ ነው ክርክሩ በቅን ልቦና ብቻ የማይፈታው።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ የአንዱን ድርጅት አብራሪዎች ከሌላው ግርጌ መቀጠል። አሜሪካን አየር መንገድ በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቲደብሊውኤ የተባለውን አየር መንገድ ሲገዛ ብዙዎቹ የቲደብሊውኤ አብራሪዎች የደረሰባቸው ይህ ነው። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ቅነሳ ሲመጣ ከታች ያሉት ቀድመው ወጡ። በዚህ የተነሳ ሁለት የሚዙሪ ሴናተሮች፣ ማካስኪልና ቦንድ፣ በ2007 መጨረሻ ሕግ አስወጡ። ሕጉ ውህደቱ ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ድርድር ካልሠራም ጉዳዩ በግልግል ዳኛ እንዲያልቅ ያዛል። ሁለቱም ወገን የአንድ ማኅበር አባል ከሆነ ግን የሚሠራው የማኅበሩ የራሱ ደንብ ነው።

በአሠራሩ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የቁርጥ ቀን ነው። ውህደቱ ይፋ በሆነበት ጊዜ አካባቢ አንድ ቀን ይቆረጥና ማን የት ወንበር ላይ እንደነበረ፣ ማን ከሥራ ተቀንሶ ቤቱ እንደነበረ በዚያ ቀን ይመዘገባል። ሁለቱ ወገኖች ዝርዝራቸውን ይለዋወጣሉ፣ የቅጥር ቀኖችን ይተማመናሉ፣ ይደራደራሉ፣ ካልተስማሙ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ዳኛው ብዙ ጊዜ «አጥር» የሚባል ገደብ ያክላል፤ ለምሳሌ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ለተወሰኑ ዓመታት ቀድሞ ላበረሯቸው ወገን ይያዛሉ።

የቁርጥ ቀኑ ክብደት በዩኤስ ኤርዌይስና በአሜሪካ ዌስት ውህደት ታየ። በ2005 ሲዋሃዱ ዩኤስ ኤርዌይስ ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራ ውስጥ ነበር። ከ5,100 ገደማ አብራሪዎቹ 1,700 የሚሆኑት ለጊዜው ተቀንሰው ነበር። አሜሪካ ዌስት ወደ 1,900 አብራሪ ነበረው። የሁለቱም ወገን አብራሪዎች ማኅበር አልፓ የተባለው ስለነበር ጉዳዩ በአልፓ ደንብ ለግልግል ዳኛው ለጆርጅ ኒኮላው ቀረበ። በግንቦት 2007 ውሳኔ ሰጠ፦ ሰፋፊዎቹን አውሮፕላኖች የሚያበሩ 500 ገደማ የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች ከላይ፣ ሌሎቹ በምጣኔ ተቀላቅለው መሃል፣ የተቀነሱት ከግርጌ። የዳኛው አመለካከት፣ በቁርጥ ቀኑ ወንበር ያልነበረው ሰው ወንበር ላይ ከነበረው እኩል አይመዘንም የሚል ነበር።

በቁጥር የሚበልጡት የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች ውሳኔውን አልተቀበሉም። አልፓን ትተው የቅጥር ቀንን መርሁ ያደረገ ዩሳፓ የተባለ አዲስ ማኅበር አቋቋሙ፤ በሚያዝያ 2008ም በድምፅ አሸነፉ። አዲሱ ዝርዝር ሥራ ላይ የሚውለው የጋራ የሥራ ውል ሲፈረም ስለነበር፣ ውሉን አለመፈረም ዝርዝሩን ማገጃ ሆነ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ እነዚያው አብራሪዎች በኪሳራው ዘመን በተቆረጠ ደመወዝ ለዓመታት ቆዩ። የአሜሪካ ዌስት አብራሪዎች («ምዕራቦቹ») ዩሳፓን ከሰሱ፤ በ2009 ፊኒክስ ላይ ረቱ፤ በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩ ገና ለፍርድ አልደረሰም ብሎ ሻረው፤ በ2015 ያው ፍርድ ቤት ማኅበሩ የምዕራቦቹን በእኩልነት የመወከል ግዴታውን ጥሷል አለ። በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት የተፈጸመው በዳኛው ፊት ሳይሆን ከውሳኔው በኋላ ነው፦ አስገዳጅ ነው ብለው የገቡበትን ግልግል፣ ውጤቱ ሲመር በድምፅ ብልጫ ለመሻር መሞከር።

አልፓ በ2009 ደንቡን አሻሽሎ የአገልግሎት ዘመን፣ የነበረው ወንበርና የአውሮፕላን ዓይነት፣ እንዲሁም የወደፊት የዕድገት ተስፋ ሁሉም እንዲታዩ አደረገ። የወደፊት ተስፋ የሚባለው በጡረታ ይሰላል፤ አብራሪ በ65 ዓመቱ የግድ ስለሚወጣ፣ በዕድሜ የገፉ አብራሪዎች የበዙበት ወገን በቅርቡ ብዙ ወንበር ይለቅቃል። ያንን ወንበር ማን ይውረስ የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

ዩኤስ ኤርዌይስ በታህሳስ 2013 ከአሜሪካን አየር መንገድ ጋር ሲዋሃድ የምሥራቁም (የቀድሞው ዩኤስ ኤርዌይስ) የምዕራቡም አብራሪዎች አሁንም ዝርዝራቸው አልተቀላቀለም ነበር። ሦስት ግልግል ዳኞች ሦስቱንም ወገን አንድ ላይ የደረደሩት በመስከረም 2016 ነው።