ዐቢይ ቀመር ምንድን ነው?

ቀጣዩ ሚሊኒየማችን እሑድ ቀን ይጠባል። መስከረም 1 ቀን 3000 ዓ.ም. ማለቴ ነው። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ይሆናል። የነነዌ ጾም ጥር 29 ትገባለች፤ ፋሲካ ሚያዝያ 8 ይውላል። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ብዕር፣ ቁራጭ ወረቀትና ማካፈል የማይሰለቸው ሰው ይበቃል።

ጳጉሜን ስትገባ ሐዋሳ ውስጥ የግድግዳ ካሌንደር እያዞሩ የሚሸጡ ልጆች አይጠፉም። የያዙት የአንድ ዓመት ነው። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ መምህራን ግን የ532 ዓመት ካሌንደር በቃላቸው ይዘው ይዞራሉ ብል አላጋነንኩም። ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይህ የ532 ዓመት ዙር ነው። ዙሩ ሲሞላ ካሌንደሩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይደግማል። ቀኑም፣ ጾሙም፣ በዓሉም እንደነበረ ይመለሳል።

ለምን 532 ሆነ? ክብ ቁጥር እንኳ አይደለም።

በካሌንደራችን ውስጥ ሦስት ነገሮች ይሽከረከራሉ። አንዱ ዕለት ነው፤ ዙሩ 7 ነው። ሁለተኛው ወንጌላዊ ነው፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያለ በ4 ዓመት ይመለሳል። ሦስተኛው አበቅቴ ነው። የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ይረዝማል። ትርፉ በየዓመቱ ሲጠራቀምና 30 በሞላ ቁጥር ሲገደፍ የሚተርፈው አበቅቴ ይባላል፤ እሱ በ19 ዓመት ይመለሳል። ሦስቱ አንድ ላይ ተነሥተው ሦስቱም አንድ ላይ ወደ ተነሡበት የሚደርሱት በ7 ጊዜ 4 ጊዜ 19 ዓመት ነው። ያ 532 ይሆናል።

ማባዛቱ ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ ማስረጃው እዚሁ ሲዳማ ውስጥ አለ። በሲዳማ ባህል ሳምንቱ 4 ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። የገጠሩ ገበያ በዚህ ሲሄድ የከተማው ቢሮ ደግሞ በሰባቱ ቀን ይሄዳል። ዛሬ ሰኞም ዲኮም ነው እንበል። የሚቀጥለው ሰኞ ቃዋላንካ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ቃዋዶ ላይ፣ ከዚያ ዴላ ላይ። ሰኞና ዲኮ እንደገና የሚገናኙት ልክ በ28 ቀን ነው። ገበያተኛ ይህን ሳያሰላ ያውቀዋል።

ባሕረ ሐሳብም ተመሳሳይ ሥራ በዓመት ይሠራል። ዕለትና ወንጌላዊ ብቻ የሚገናኙበት 28 ዓመት ዐውደ ፀሐይ ይባላል። አበቅቴ ለብቻው የሚዞርበት 19 ዓመት ንኡስ ቀመር ነው። ወንጌላዊና አበቅቴ የሚገናኙበት 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር ወይም ዐውደ ማኅተም ነው። ሁሉንም የሚጠቀልለው ዐቢይ ቀመር ነው። ትውፊቱ ይህን ትምህርት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ድሜጥሮስ በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ3ኛው መጀመሪያ የኖረ አባት ነው።

አሁን 3000ን እናስላው። ሒሳብ የማይወድ ሰው ይህን አንቀጽ ቢዘለው አልቀየምም።

በመጀመሪያ 5500 እንጨምራለን። ዓመተ ዓለሙ፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ያለው ቁጥር፣ 8500 ይመጣል። ለ4 ስናካፍለው 2125 ይደርሳል፤ ቀሪ የለውም። ቀሪው 1 ሲሆን ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ማርቆስ፣ 3 ሲሆን ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ዮሐንስ። የደረሰው 2125 መጠነ ራብዒት ይባላል። 8500 ላይ እንደምረውና 10625 ይሁን። በ7 ስንገድፈው 6 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያልን ስንቆጥር 6 እሑድ ላይ ያርፋል። እንቁጣጣሽ እሑድ ሆነች ማለት ነው።

ለፋሲካው 8500ን በ19 እንግደፈው፤ 7 ይተርፋል። ከእሱ 1 ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 6 ነው። 6 በ11 ሲባዛ 66 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 6 ይቀራል። አበቅቴው ይኸው ነው። ከ30 ላይ አበቅቴውን ስናነሣ መጥቅዕ የሚባለው ቁጥር 24 ይሆናል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል። መስከረም 24 ደግሞ ማክሰኞ ነው። የማክሰኞ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ጭማሪ፣ 5 ነው። 24 እና 5፣ 29። ነነዌ ጥር 29። ከነነዌ እስከ ትንሣኤ 69 ቀን ስላለ ሚያዝያ 8 ላይ እንደርሳለን።

ከስሌቱ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የሚጣለው ነው። 10625ን በ7 ስንገድፍ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ ሰባቶች ወጥተዋል፤ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ሩቅ ቀን የሚሰላው በዚህ መንገድ ነው። ወደ ፊት አንድ በአንድ መቁጠር የለም። ሙሉ የሆነው ዙር ይጣላል፤ ትርፉ ይያዛል። ዓመቱ 3000 ይሁን 30000 ሥራው እኩል ነው።

አቋራጭም አለው። ከ3000 ላይ ሁለት ዐቢይ ቀመር፣ ማለትም 1064 ዓመት ስንቀንስ 1936 ይመጣል። መስከረም 1 ቀን 1936 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የዚያ ዓመት ፋሲካም ሚያዝያ 8 ነበር። ዛሬ 82 ዓመት የሞላቸው እናቶችና አባቶች የተወለዱት በ3000 ካሌንደር ውስጥ ነው! ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ከተመለሱ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነበር፤ ሐዋሳ የሚባል ከተማ ደግሞ አልተቆረቆረም።

እዚህ ላይ ተንኮለኛ አንባቢ ሊይዘኝ ይችላል። ካሌንደር ለመድገም ይህን ያህል ዘመን መጠበቅ ግድ ነው ወይ? የ2007 ካሌንደር በቤቱ ያለው ሰው አውጥቶ ከ2018ቱ ጋር ያስተያየው። መስከረም 1 በሁለቱም ሐሙስ ነው። ነነዌ በሁለቱም ጥር 25፣ ፋሲካ በሁለቱም ሚያዝያ 4። ልዩነቱ 11 ዓመት ብቻ! ነገር ግን 2007 ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜኑም 6 ነበር። 2018 ማርቆስ ነው፤ ጳጉሜኑ 5 ነው። አበቅቴውም 11 የነበረው 12 ሆኗል። የተለያየ ቁጥር ተደምሮ ድምሩ ገጠመ እንጂ ዙሩ አልተመለሰም። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2029፣ መስከረም 1 እንደገና ሐሙስ ይሆናል። ፋሲካው ግን መጋቢት 27 ነው። 2018 ከነአበቅቴው፣ ከነመጥቅዑ፣ ከነወንጌላዊው የሚደገመው በ2550 ነው።

ግን 532 ዓመት ምን ያህል ነው? በቀን 194,313 ነው። በሳምንት 27,759፣ አንድም ቀን ሳይተርፍ። እነዚህ ቁጥሮች እውነት ቢሆኑም ለሰው ስሜት ምንም አይሰጡም። እኔ የምመርጠው በ76 መለካቱን ነው። 76 ዓመት የአንድ አዛውንት ዕድሜ ነው። አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየተወለደ ሰባት አዛውንት ቢሰለፉ ዐቢይ ቀመሩ ይሞላል። ሰባት ሰው! አንድ ሚኒባስ እንኳ አይሞሉም።

ወደ ኋላ ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። ከ2018 ላይ አንድ ዐቢይ ቀመር ሲነሣ 1486 ዓ.ም. ነው። አፄ እስክንድር በወጣትነታቸው ያረፉበት ዓመት ነው። ግራኝ አሕመድ ገና አልተወለደም። ኮሎምቦስ ሁለተኛ ጉዞውን የጀመረው በዚያው ዓመት መስከረም ነው። ይህ ከእኛ ማዕድ ጋር ምን አገናኘው? በርበሬና በቆሎ የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ወደዚህኛው የዓለም ክፍል የተሻገሩትም ከኮሎምቦስ ጉዞዎች በኋላ ነው። አንድ ዙር ወደ ኋላ ብንመለስ የሐዋሳው አሞራ ገደል ዓሣው ይኖራል፤ አዋዜው የለም። ዶሮ ወጥም በበርበሬ አይቀላም። ካሌንደሩ ግን ያው ነው፤ መስከረም 1 ሐሙስ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ዛሬ የቱ ጋ ነን? 2018 በዓመተ ዓለም 7518 ነው፤ በ532 ብናካፍለው 14 ይደርስና 70 ይተርፋል። 14 ዙር አልቋል፤ የምንኖረው 15ኛው ውስጥ፣ 70ኛው ዓመት ላይ ነው። 15ኛው ዙር የጀመረው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ የሚያልቀው በ2480 ነው። ሐዋሳ የተቆረቆረችው ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከተማዋና ዙሩ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። የምናውቃት ሐዋሳ በሙሉ፣ ከታቦር ተራራ ሥር እስከ ፍቅር ሐይቅ ያለው ነገር ሁሉ፣ ከዚህ ዙር ከሰባት እጅ አንዱን እንኳ አልደፈነም።

የጥንት ጸሐፍት አንዳንዴ ዓመቱን የሚጽፉት በዙሩ ውስጥ ባለው ተራ ብቻ ነበር። ዙሩ ሲሞላ ከ1 ይጀምራሉ። የድሮ ዜና መዋዕል የሚያነብ ሰው የትኛው ዙር እንደሆነ ካልለየ በአምስት መቶ ዓመት ይስታል።

ይህ ጣጣ ኮምፒውተርም ዘንድ አለ። ብዙ የቆዩ ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው። ቁጥሩን የሚይዙት በ32 ቢት ከሆነ መያዣው የሚሞላበት ቀን ይመጣል። ቀኑ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት! በእኛ ሰዓት ጧት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይሞላል። በሚቀጥለው ሰከንድ ያልታረመ ሥርዓት ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ነው ብሎ ያስባል፤ ምኒልክ ዘመን ገባ ማለት ነው። አዳዲስ ስልኮች በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ አያሰጋቸውም። የሚያሰጋው ማንም የማይነካካው አሮጌ ማሽን ውስጥ ያለው ነው።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለበትም። የዐቢይ ቀመር ሒሳብ እንከን የለውም፤ ሰማዩ ግን ከሒሳቡ ትንሽ ይሸሻል። ዓመታችን 365 ቀን ከ6 ሰዓት ተብሎ ይቆጠራል። የፀሐይ ዓመት ከዚያ በ11 ደቂቃ ገደማ ያጥራል። በ128 ዓመት አንድ ቀን፣ በአንድ ዐቢይ ቀመር አራት ቀን ይሆናል። ጨረቃም በ19 ዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀድማለች።

ፈረንጆቹ የፀሐዩን መንሸራተት በራሳቸው አቆጣጠር በ1582 ለማረም ሞከሩ። በዚህ ምክንያት እንቁጣጣሽ ከእነሱ ቀን እየራቀች ትሄዳለች። ሴፕቴምበር 11 ላይ መዋሏን የለመደ ሰው፣ በእነሱ አቆጣጠር ከ2100 ወዲህ ሴፕቴምበር 12 ሆና ያገኛታል። መስከረም 1 ቀን 3000 ሴፕቴምበር 20 ቀን 3007 ላይ ይውላል። እርማቱ ለእነሱም በነፃ አልተገኘም። የእኛ ፋሲካ በ532 ዓመት ይደግማል፤ የእነሱ የፋሲካ ሠንጠረዥ ሙሉ ዙር 5,700,000 ዓመት ነው። ያን በቃሉ የሚይዝ መሪጌታ አይገኝም።

ሐዋሳ ላይ ሌላ መንገድም ስላለ እሱን ሳላነሣ አላልፍም። ፊቼ ጨምበላላ፣ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ቀኑ በሠንጠረዥ አይወጣም። አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ይወስኑታል፤ ከዚያ ለጎሣዎቹ ይታወጃል። የ3000ን ፊቼ ዛሬ ላይ ቀን ቆርጦ መናገር በዚህ መንገድ አይቻልም። በየዓመቱ ሰማዩን አዲስ ስለሚያዩ ግን 11 ደቂቃ አይጠራቀምባቸውም።