በብርድ የሚዳስስ ማይክሮስኮፕ

የኃይል ማይክሮስኮፕ አያይም፤ ይዳስሳል። እጅግ የሾለች መርፌ ወደ ናሙናው ትጠጋለች፤ በመሃላቸው ያለው መሳሳብና መገፋፋት ይለካል። ጌርድ ቢኒግ፣ ካልቪን ክዌትና ክሪስቶፍ ገርበር በ1986 ያስተዋወቁት ይህ መሣሪያ በክፍል ሙቀትም ይሠራል። ታዲያ ወደ ፈሳሽ ሄሊየም ማውረድ ለምን አስፈለገ?

ሙቀት ማለት መንቀጥቀጥ ስለሆነ ነው። በክፍል ሙቀት ብዙ ሞለኪውሎች አንድ ቦታ አይረጉም። የመሣሪያው አካልም ሙቀቱ ትንሽ በተለወጠ ቁጥር ስለሚለጠጥ ምስሉ ይንሸራተታል። ሄሊየም በሚፈላበት በ4.2 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ይህ ሁሉ ጋብ ይላል።

ማቀዝቀዙ ቀላሉ ነው። ትልቅ ፔርሙዝ መሳይ ዕቃ ይዘጋጃል፤ ሄሊየም ይሞላበታል። ጣጣው ውስጥ የገባው ነገር እንዲሠራ ሲፈለግ ነው። ግራሶ ድንጋይ ይሆናል። ብረትና ሴራሚክ እኩል ስለማይኮማተሩ ጥብቅ ያለው ብሎን ይላላል ወይም ሴራሚኩን ይሰነጥቃል። እያንዳንዱ ሽቦ ከውጭ ሙቀት ይዞ ስለሚገባ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። በኤሌክትሪክ የሚለጠጠው ፒዬዞም በብርድ ይሰንፋል፤ እንቅስቃሴው ብዙ እጥፍ ያንሳል።

መርፌዋን ማስጠጋት ራሱ ጥበብ ነው። ብርጭቆ የተቀመጠበትን ጨርቅ መንጭቀው ሲያወጡት ብርጭቆው ባለበት ይቀራል አይደል? ፒዬዞውም እንዲሁ ነው። ቀስ ብሎ መርፌዋን ይሸከማል፣ ከዚያ መንጭቆ ብቻውን ይመለሳል። በእርምጃ እርምጃ ሚሊሜትሮች ይሄዳል።

መርፌዋ ስትዳስስ ትርገበገባለች፤ ንዝረቷን በሌዘር መከታተል ይቻላል፤ ግን ብርሃኑ ያሞቃል፣ ሲቀዘቅዝም መስመሩን ይስታል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ተመራማሪ ፍራንዝ ጊሲብል ያመጣው መላ ደስ ይላል። ከእጅ ሰዓት ውስጥ የኳርትዝ ሹካ፣ ማለትም ባለ ሁለት ጣት ትንሽ ክሪስታል፣ ወሰደ። ይቺ ሹካ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። አንዱን ጣቷን አጣብቆ፣ በሌላው ላይ መርፌ ተከለ። ኳርትዝ ሲታጠፍ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጥ ሌዘር አላስፈለገም።

በ2009 በዙሪክ የአይቢኤም ተመራማሪዎች በዚህ ዓይነት ሹካ፣ በ5 ኬልቪን አካባቢ፣ ፔንታሲን የተባለውን ሞለኪውል አምስት የካርቦን ቀለበቶች አንድ በአንድ አሳዩ። መርፌዋ ጫፍ ላይ አንዲት የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል ሰክተው ነበር።

የቀረው ጠላት መንቀጥቀጥ ነው። የማይክሮስኮፑ ራስ በሞላ (በስፕሪንግ) ይንጠለጠላል፤ ማግኔቶች ውዝዋዜውን ይገቱታል። በውጭ በኩል ሆኖ ሙቀትን የሚከላከለው ፈሳሽ ናይትሮጅን እንኳ ሲፈላ አረፋው ምስሉን ይረብሻል። ስለዚህ አንዳንዶች ትነቱን በፓምፕ ስበው ናይትሮጅኑን ወደ በረዶ ይለውጡታል፤ በረዶ አረፋ የለውም። ሄሊየም ውድ ስለሆነ አሁን አሁን በማሽን የሚቀዘቅዙ ዓይነቶች እየበዙ ነው። ማሽኑ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ሠሪዎቹም ተመልሰው ሞላ ፍለጋ።