ዲግሪ አለኝ፤ ፒጂዲቲ ለምን ያስፈልገኛል?

በኬሚስትሪ ወይም በታሪክ የተመረቀ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላስተምር ሲል ‹‹ፒጂዲቲ አለህ ወይ?›› ይባላል። ብዙው ተመራቂ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ስሙ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ስለሆነ አንዱ ማስተርስ ይመስለዋል፣ ሌላው ከዲግሪ ያነሰ ነገር። ሁለቱም አይደለም። ዲግሪው ላይ የሚጨመር የመምህርነት ሥልጠና ነው፤ በመደበኛው አንድ ዓመት ይፈጃል፣ ሥራ ላይ ያሉ መምህራን ደግሞ በክረምት ይወስዱታል።

ነባሩ የትምህርት ዲግሪ የትምህርት ዓይነቱንና የማስተማሪያ ዘዴውን ጎን ለጎን ያስኬድ ነበር። ፒጂዲቲ ለያያቸው። ስለዚህ የኬሚስትሪው ተመራቂ ኬሚስትሪን እንደ አዲስ አይጀምርም፤ የሚማረው የትምህርት ሥነ ልቦና፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ አካቶ ትምህርት፣ ተግባራዊ ምርምርና የመሳሰሉትን ነው።

ለእኔ ዋናው ፕራክቲከሙ፣ ማለትም ትምህርት ቤት ውስጥ የሚደረገው የማስተማር ልምምድ ነው። ዕጩው ትምህርት ቤት ይመደብና መጀመሪያ ከኋላ ተቀምጦ ነባሩን መምህር ይታዘባል። ቀጥሎ የዕለት ትምህርት ዕቅዱን አዘጋጅቶ ጠመኔ ይዞ ራሱ ይቆማል። የኬሚስትሪውን የሞል ስሌት አሳምሮ የሚሠራ ሁሉ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሊያስረዳው አይችልም፤ ይህ የሚታወቀው ያኔ ነው። (ሙያው እንደማይሆነው የሚገባውም አለ፤ ከተቀጠሩ በኋላ ከማወቅ ይሻላል።)

አንድ ነገር አይምታታ፦ ፒጂዲቲ መያዝ የመምህራን የሙያ ፈቃድ ምዘናን አይተካም። ምዘናው ለብቻው ነው። የቅጥር መስፈርቱን ደግሞ ከመመዝገብ በፊት ከክልሉ ትምህርት ቢሮ ማስታወቂያ ላይ ማየት ያዋጣል።