የሃይብሪድ መኪና ባለቤት ማክ ይወዳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሃይብሪድ መኪና የሚነዳ ሰው ገና ቦርሳውን ሳይከፍት ላፕቶፑ የአፕል ማክ መሆኑን አስቀድመው የሚናገሩ ሰዎች አሉ። ሌሎች ደግሞ ሊኑክስ የተባለው ነጻ ሥርዓት የተጫነበት ነው ብለው ይሟገታሉ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተርና ባትሪ ያጣመረ መኪና የገዛ ሰው ኮምፒውተሩንም የሚመርጠው ብዙኃኑ ከሚሄድበት መንገድ ወጣ ብሎ ነው ይላሉ። ወሬው የቶዮታ ሃይብሪድ የሆነው ፕሪየስ በየጎዳናው መታየት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ አብሮን አለ። ቀላል ጨዋታ ቢመስልም ከመኪና ሻጭ እስከ ማስታወቂያ ሠሪ ድረስ ከልባቸው የሚያምኑት ብዙ ናቸው። እኔ መኪናውንም ኮምፒውተሩንም ስለምወድ ነገሩን በይሆናል ማለፍ አልሆነልኝም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከሃይብሪድ ባለቤቶች አብዛኞቹ የማክ ተጠቃሚዎች ናቸው»

እዚህ ላይ ስሕተቱ የሒሳብ ነው። በዓለም ላይ ካሉት የጠረጴዛና የጭን ኮምፒውተሮች ከ10ሩ 7 ያህሉ የሚሠሩት በዊንዶውስ ነው። ማክ ከሩቅ ይከተላል፤ የሊኑክስ ድርሻ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለምሳሌ ያህል ከ100 ሰው 15ቱ ማክ ይጠቀማሉ፣ በሃይብሪድ ባለቤቶች ዘንድ ደግሞ ማክ በአንድ ተኩል እጥፍ ይዘወተራል እንበል። ይህ ማንኛውንም ነጋዴ የሚያስደስት ትልቅ ልዩነት ነው። ሆኖም ተሰልቶ ሲያልቅ ከ100 የሃይብሪድ ባለቤቶች ማክ ያላቸው 22 ወይም 23 ብቻ ይሆናሉ። ያገኘውን የሃይብሪድ ነጂ ሁሉ «ማክ አለህ» የሚል ሰው ከአራት ጊዜ ሦስቱን ይሳሳታል ማለት ነው። «ከሌላው ሰው ይልቅ ያዘወትራሉ» ማለት እና «አብዛኞቹ ይጠቀማሉ» ማለት የተራራቁ ነገሮች ናቸው፤ ወሬው የሚፋፋው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው።

«የቴክኖሎጂ ሰፈሮች በፕሪየስ የተሞሉት የኮምፒውተር ሰዎች በባሕርያቸው ሃይብሪድ ስለሚወዱ ነው»

ይህኛው ዓይን ያየው ነገር ስለሆነ ለማስተባበል ይከብዳል። በ2000ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊ የሚገኙ የሶፍትዌር ኩባንያዎች መኪና ማቆሚያ በእርግጥም በፕሪየስ የተሞላ ነበር። የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅ እና ሰርጌ ብሪን ራሳቸው ፕሪየስ ነጂዎች ነበሩ። ግን ምክንያቱን ከሰዎቹ ባሕርይ በፊት መንገዱ ላይ እንፈልገው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ በአውራ ጎዳናዎች ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ለጫኑ መኪናዎች ብቻ የተከለለ መስመር አለ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሌላው መስመር ተጨናንቆ ሲቆም ይህኛው ይፈስሳል። ግዛቲቱ ከ2005 ጀምሮ ጥቂት ነዳጅ ቆጣቢ የሃይብሪድ ዓይነቶች፣ ማለትም ፕሪየስ፣ የሆንዳ ሲቪክ ሃይብሪድ እና የሆንዳ ኢንሳይት፣ ሹፌሩ ብቻውን ቢሆንም በዚህ መስመር እንዲያልፉ ፈቀደች። ፈቃዱ ቢጫ ተለጣፊ ምልክት ነበር፤ ቁጥሩም በ85,000 ተወስኖ ሐምሌ 1 ቀን 2011 ላይ አበቃ። ምልክቱ ያለበት ያገለገለ ፕሪየስ ከሌለበት በዋጋ ይበልጥ እንደነበር ስናስብ ነገሩ ይገለጣል፤ ገዢው የሚከፍለው በየቀኑ መንገድ ላይ ለሚተርፈው ጊዜ ነበር። ጉግል ደግሞ በዚያው ዘመን ነዳጅ ቆጣቢ ሃይብሪድ ለሚገዛ ሠራተኛው 5,000 ዶላር ይሰጥ ነበር። መስመሩ ክፍት፣ ቀጣሪው ደጓሚ ሆኖ ሳለ መኪና ማቆሚያው በሃይብሪድ ባይሞላ ነበር የሚገርመኝ።

ባሕርይ ነው ለሚለው ሰው ደግሞ ከአፕል መሥራቾች ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበቃል። ስቲቭ ዎዝኒያክ የታወቀ የፕሪየስ ወዳጅ ነበር፤ ከአንድም በላይ ነበሩት። ስቲቭ ጆብስ ግን ሰሌዳ ባልተለጠፈበት ብርማ መርሴዲስ ኤስኤል ነበር የሚመላለሰው፤ ያም ነዳጅ ጠጪ የስፖርት መኪና ነው። አፕልን የመሠረቱት ሰዎች እንኳ በመኪና ካልተስማሙ ከተጠቃሚዎቹ ምን ስምምነት እንጠብቃለን?

«ጥናቶች አረጋግጠውታል»

ቁጥር ሲቀርብ ሰው ዝም ይላል፤ ስለዚህ ይህኛው ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ለምሳሌ በ2011 ሀንች የተባለው ድረ ገጽ ወደ 400,000 ከሚጠጉ ጎብኚዎቹ የሰበሰበውን የማክና የፒሲ (ማክ ያልሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ ኮምፒውተር) ንጽጽር አውጥቶ ነበር። ራሳቸውን የማክ ሰው ካሉት 58 በመቶው፣ የፒሲ ሰው ካሉት ደግሞ 36 በመቶው በፖለቲካ አመለካከታቸው ተራማጅ (ሊበራል) መሆናቸውን ተናገሩ። ከዚህ ተነሥቶ «ተራማጁ ሰው ማክ ይገዛል፣ ተራማጁ ሰው ሃይብሪድ ይነዳል፣ እንግዲህ ማክ ያለው ሃይብሪድ ይነዳል» ማለት ቀላል ነው። ሁለት ችግር ግን አለ። አንደኛ፣ መላሾቹ በራሳቸው ፈቃድ ድረ ገጹን ጎብኝተው የመለሱ ናቸው፤ 400,000 ሰው ቢሆኑም በዕጣ እንደተመረጡ 1,000 ሰዎች ሕዝቡን አይወክሉም። ሁለተኛ፣ ሀ ከለ ጋር፣ ለ ከሐ ጋር ስለተዛመደ ብቻ ሀ ከሐ ጋር ይዛመዳል ማለት አይቻልም። ዝምድናው ልል ከሆነ መሐል ላይ ይበጠሳል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ገንዘብ ነው። በ2012 ኦርቢትዝ የተባለው የጉዞ ድርጅት በማክ የሚገቡ ደንበኞቹ ለአንድ ሌሊት የሆቴል አልጋ እስከ 30 በመቶ ድረስ የበለጠ እንደሚከፍሉ ደርሶበት ውድ ውድ ሆቴሎችን ያሳያቸው እንደነበር ተሰማ። ማክ ሰውን ምቹ አልጋ አያስወድድም፤ ማክ የሚገዛው ሰው አስቀድሞም ገቢው ከፍ ያለ ነው። ሃይብሪድም ለረጅም ጊዜ ከተመሳሳይ የቤንዚን መኪና የሚወደድ፣ በከተማ መንገድ ደግሞ ይበልጥ የሚያዋጣ መኪና ነበር፤ ቆም ሂድ በሚበዛበት ጎዳና ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳልና። ስለዚህ ገቢው ደህና የሆነ፣ የተማረና ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሁለቱንም የመግዛት ዕድሉ ይሰፋል። ማክና ሃይብሪድ አንድ ቤት ውስጥ ቢገናኙ ያገናኛቸው ደመወዙና ሰፈሩ ነው። በገቢም በመኖሪያም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎችን፣ አንዱን ባለ ሃይብሪድ ሌላውን ባለ ቤንዚን አድርጎ ሳያወዳድር «ሃይብሪድ ነጂዎች ማክ ይመርጣሉ» የሚል ጥናት ቢመጣ እኔ አልቀበለውም።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው ቀኑን የሚውልበትን ኮምፒውተር የመረጠለት ቀጣሪው ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ዊንዶውስ የሚጠቀመው መሥሪያ ቤቱ ስላስቀመጠለት ነው። «የትኛውን ትጠቀማለህ?» እና «የትኛውን ትወዳለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሁለት የተለያየ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

«ሁለቱንም የሚገዙት ለታይታ ነው»

ይህኛው በከፊል እውነት ስላለበት ሙሉ በሙሉ ልክደው አልችልም። በ2007 ሲኤንደብሊው የተባለ የገበያ ጥናት ድርጅት ከፕሪየስ ገዢዎች 57 በመቶው መኪናውን የመረጡት ስለ ማንነታቸው የሚናገረው ነገር ስላለ መሆኑን እንደገለጹ፣ የነዳጅ ቁጠባን የጠቀሱት ግን 36 በመቶ እንደሆኑ አስታውቆ ነበር። ከዚያ የሚበልጠው ማስረጃ የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ስቲቨን ሴክስተን እና አሊሰን ሴክስተን በ2014 ያሳተሙት ጥናት ነው። ፕሪየስ ከሩቅ ይለያል፤ ሲቪክ ሃይብሪድ ግን ከተራው ሲቪክ ብዙም አይለይም። ባለሙያዎቹ በኮሎራዶና በዋሽንግተን ግዛቶች ያለውን ሽያጭ መርምረው፣ ለአካባቢ ጥበቃ የሚቆረቆር ሰው በበዛበት ሰፈር ፕሪየስ ከሌሎቹ ሃይብሪዶች ተለይቶ እንደሚወደድ አገኙ። መኪናው በጎረቤት ዘንድ ስለሚያስገኘው መልካም ስም ገዢዎች የሚከፍሉትን ተጨማሪ ዋጋም እንደየቦታው ከ430 እስከ 4,200 ዶላር ገመቱት።

ታይታ አለ፤ ይህን ማመን አለብን። ነገር ግን የሲቪክ ሃይብሪድ ገዢዎችም አሉ። ማንም ሳያውቅላቸው ያንኑ ነዳጅ የቆጠቡ ሰዎች ናቸው፤ «ለታይታ» የሚለው ፍርድ እነሱን ይረሳቸዋል።

«የሃይብሪድ ገዢ የተለየ ሰው ነው»

በ1997 መጨረሻ ፕሪየስ ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ምናልባት ነበር። በ2009 ግን ፕሪየስ በዚያው በጃፓን ከመኪና ሁሉ በላይ የተሸጠ ሆነ። ቶዮታ በ2017 መጀመሪያ 10 ሚሊዮን ሃይብሪዶችን ሸጦ ነበር። ለአሜሪካ ገበያ የሚቀርበው ሲዬና የተባለው የቤተሰብ መኪና ከ2021 ሞዴል ጀምሮ፣ ካምሪም ከ2025 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጡት በሃይብሪድ ብቻ ነው። ሦስት ልጆቿን የምታመላልስ እናት ሲዬና ስትገዛ ስለ ሃይብሪድ ላታስብ ትችላለች፤ ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከረው የታክሲ ሹፌርም የሚያየው የነዳጅ ወጪውን ነው። እነዚህ ሁሉ ከገቡበት በኋላ «የሃይብሪድ ባለቤት» የሚለው ስም ስለ ሰውየው የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው።

«መኪናው ራሱ ለአፕል ሰው የተሠራ ነው»

እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቶዮታ አይፎንን ከመኪናው ስክሪን ጋር የሚያገናኘውን ካርፕሌይን ለመቀበል ባልዘገየ ነበር። ካርፕሌይ የወጣው በ2014 ነው፤ ቶዮታ ግን እስከ 2018 ድረስ ከእምቢተኞቹ ትልልቅ አምራቾች አንዱ ነበር። በምትኩ በ2018 ሞዴል ካምሪ የጀመረው የስክሪን ሥርዓት የተገነባው ለመኪና በተዘጋጀ ሊኑክስ ላይ ነው። ፎርድ በ2007 ያስተዋወቀው ሲንክ ደግሞ በማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ይሠራ ነበር፤ በኋላ ኪውኤንኤክስ ወደተባለ ሌላ ሥርዓት ዞረ። ሊኑክስ ነክቼ አላውቅም የሚል ሰው በየቀኑ መሪውን ይዞ ሲነካው ይውል ይሆናል።

«እንግዲያው የኮምፒውተር ምርጫና ሃይብሪድ በጭራሽ አይገናኙም»

ይገናኛሉ፤ ግን ሰው በማይጠብቀው ቦታ፣ ከመሪው ሥር ባለችው የመመርመሪያ መሰኪያ ላይ ነው። የቶዮታን ሃይብሪድ በጥልቀት የሚያነበው ቴክስትሪም የተባለው የፋብሪካው ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ማክ ወይም ሊኑክስ ያለው ሰው ዊንዶውስን በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ምናባዊ ማሽን መጫን ወይም አሮጌ የዊንዶውስ ላፕቶፕ መፈለግ ይኖርበታል። ስልክም ያው ነው፤ ርካሾቹ የብሉቱዝ ማንበቢያዎች ከአንድሮይድ ጋር ሲግባቡ ከአይፎን ጋር ብዙዎቹ አይግባቡም። ለአይፎን በዋይፋይ ወይም ኃይል ቆጣቢ በሆነው የብሉቱዝ ዓይነት የሚሠራውን ለይቶ መግዛት ያስፈልጋል።

ቤቱ ከማክ ሌላ ኮምፒውተር የማይገባበት ጓደኛዬ ያገለገለ ሁለተኛ ትውልድ ፕሪየስ ሊገዛ ሲል የኔን አሮጌ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ይዤለት ሄድሁ። ገመዱን ከመሪው ሥር ሰካነው፤ እሱ ሲነዳ እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጥሮቹን አነባለሁ። የዚህ መኪና ባትሪ 28 ክፍሎች አሉት፤ የመኪናው ኮምፒውተር ጥንድ ጥንዱን አንድ አድርጎ ስለሚያነብ ስክሪኑ ላይ 14 የቮልቴጅ ቁጥሮች ይወጣሉ። በጤነኛ ባትሪ ሁሉም ተቀራርበው 15 ወይም 16 ቮልት አካባቢ ይቆማሉ፤ ነዳጅ ረገጥ ሲደረግ አብረው ይወርዳሉ፣ ለቀቅ ሲደረግ አብረው ይወጣሉ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከ1 ቮልት በላይ ወደ ታች የሚቀር ከሆነ ያ ጥንድ እያረጀ ነው። ይህን ሁሉ ከ200 ቮልት በላይ የተሸከመውን ሳጥን ሳይከፍቱ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ዳገት ወጣን፣ ወረድን፤ በአሥራ አራቱ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት አላለፈም። ጓደኛዬ ግን የባትሪው ሙቀት ከፍ ማለቱን አይቶ ጠየቀኝ። መኪናውን አቁመን ከኋላ መቀመጫው ጎን ያለችውን የአየር ማስገቢያ ስናይ በአቧራና በውሻ ፀጉር ተደፍናለች፤ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው በእሷ በኩል ነው። በጣቱ እየጠረገ ሙሉ እፍኝ አወጣ። መኪናውን ገዛው፤ ላፕቶፔንም እስካሁን አልመለሰልኝም፣ በየስድስት ወሩ ያነብበታል።